ትናንት እዚህ ነበሩ

እኛ የእንጦጦ ራጉኤል ሰዎች አውሬ ብርቃችን አይደለም። ጅቡ ከመሸ በኋላ ከባህር ዛፉ ይወጣና በአጥራችን ሥር ያልፋል፤ ውሻው ይጮኻል፣ ልጁ ይባንናል፣ አባቱ «ተኛ፣ ጅብ ነው» ይለዋል፣ አለቀ። ቲኬት የሚቆርጥ የለ፣ አስጎብኚ የለ፣ «ካሜራ ለብቻው ይከፈላል» የሚል የለ። መከራችን የሚጀምረው ከቤተሰቡ አንዱ፣ ብዙውን ጊዜ ከውጭ ሀገር ለእረፍት የመጣው፣ «እስቲ ደግሞ ዝሆን እንይ» ያለ ዕለት ነው።

ዝሆን እንይ! ሲናገሩት ቀላል ነው። የኢትዮጵያ ዝሆን ግን መሀል ሀገሩን ለሰውና ለከብት ለቆ ጠረፍ ጠረፉን ከያዘ ቆይቷል። አንዱ ወገን ከሐረር ማዶ ባቢሌ ነው። ሌላው በደቡብ ምዕራብ፣ ኮንታና ዳውሮ ላይ፣ ጨበራ ጩርጩራ ነው። የቀረው ማጎና ኦሞ፣ ጋምቤላ፣ በሰሜን ደግሞ ተከዜ ዳር ቃፍታ ሽራሮ ነው። ከአዲስ አበባ ማልዶ ተነስቶ ለምሳ የሚደረስበት አንድም የለም። የናይሮቢ ሰው ከሥራ ወጥቶ በከተማው ጥግ ካለው ፓርክ አንበሳና አውራሪስ አይቶ ለእራት ቤቱ ይገባል። እኛ ለዝሆን ፈቃድ እንጠይቃለን፣ ዘመድ እንሰናበታለን፣ «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ብለን ሦስት ቦታ ስልክ እንደውላለን፤ ሦስቱም የተለያየ መልስ ይሰጡናል።

ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ባቢሌ ነው፤ አስፋልቱ እስከዚያው ስለሚወስድ፣ ሐረርንም አብሮ ለማየት ስለሚመች። የጉዞው ማስታወቂያ «ሁሉንም ያካተተ» ይላል። ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ አስጎብኚ፣ ፎቶ። ማስታወቂያው ላይ መሬት የሚነካ ጥርስ ያለው ዝሆን ከነግልገሎቹ ቆሟል፤ ከጀርባው በረዶ የለበሰ ተራራ ይታያል። ያ ተራራ ኪሊማንጃሮ ነው። ሐረርጌን ዳር እስከ ዳር ብትዞሩት ኪሊማንጃሮ አታገኙም። «ለምን የራሳችንን ዝሆን ፎቶ አልለጠፋችሁም?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ አይሰጣችሁም፤ ቆይቶ ግን ራሱ ይገባችኋል። አዘጋጁም አላየውም።

ሁሉን ካካተተው ዋጋ ያልተካተተውን የምንሰማው አዳማን ካለፍን በኋላ ነው። መግቢያ ለብቻ ነው። የመኪና መግቢያም ለብቻ ነው። የስካውት አበል አለ፣ ስካውቱ ደግሞ አንድ ብቻ አይሆንም። ቲፕ «በፈቃደኝነት» ነው፤ ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ግን እስካሁን አልታየም። ይሄ ሁሉ ከቤት ሳንወጣ ቢነገረን አናኮርፍም ነበር። የሚያናድደው መመለስ በማይቻልበት ቦታ መነገሩ ነው።

መነሻው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይባላል። የእንጦጦን የሌሊት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ጋቢ ተከናንቦ መኪና መጠበቅ ለንስሐ እንጂ ለሽርሽር አይሆንም። 10 ሰዓት ማለት በእርግጥ 10 ሰዓት የሚመስላቸው የሰፈራችን ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። እነሱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ በቤተ ክርስቲያኑ በር ቆመዋል። የቀረው ተጓዥ በስልክ «ደርሻለሁ፣ ሽሮ ሜዳ ነኝ» ይላል፤ ድምፁ ግን ገና ከብርድ ልብሱ ሥር ነው። አንድ ሰው ለመጠበቅ አሥር ሰው ይበርደዋል። ዘግይቶ የመጣው ይቅርታ አይልም፤ ገና ከመድረሱ «ምነው አልተነሳንም እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል።

ጂፑስ? «ላንድክሩዘር ነው» ተብሎ ነበር። ላንድክሩዘር መሆኑን ማንም አይክድም፤ ግን የትኛው ላንድክሩዘር! ደህና ደህናው መኪና በውጭ ምንዛሪ ለሚከፍል እንግዳና ለረድኤት ድርጅት ሄዷል። ለኛ የሚደርሰን መስኮቱ በመዳፍ ተገፍቶ የሚዘጋው፣ በሩ ከውጭ እንጂ ከውስጥ የማይከፈተው ነው። ጋቢናው በክብር ለእትዬ ይለቀቃል፤ እሳቸውም «ኧረ ልጆቼ እናንተ ተቀመጡ» እያሉ ይገባሉ። ሌሎቻችን ከኋላ ባሉት ፊት ለፊት በተያዩ ወንበሮች ላይ እንደ በርበሬ ጆንያ እንጠቀጠቃለን። ሻንጣው ፖርቶ መጋላ ላይ ይታሰራል፤ ማዳበሪያ ሙሉ ዳቦ ቆሎና ድፎ ግን በእግራችን መሀል ይቀመጣል፣ «ላይ ከወጣ አቧራ ይገባበታል» ተብሎ። በኋላ አቧራው ወዴት እንደሚገባ ጂፕ የተሳፈረ ሁሉ ያውቃል።

የመኪናው ቴፕ ደግሞ የራሱ ምዕራፍ ይገባዋል። ሾፌሩ አንድ ፍላሽ አለው። በውስጡ ያለው ዘፈን የሚያልቀው መተሐራ ላይ ነው፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ወጣቶቹ «ጨምርበት» ይላሉ፣ እትዬ «ቀንሱልኝ፣ ራሴን» ይላሉ፣ ሾፌሩ ለሁለቱም «እሺ» ይልና እንዳለ ይተወዋል። የማይገባኝ ነገር ይህ ድምፅ ባቢሌ የዝሆን መጠለያ ውስጥም አለመዘጋቱ ነው። ዝሆን እኛ የማንሰማውን ወፍራም ድምፅ ከብዙ ኪሎ ሜትር የሚሰማ እንስሳ ነው፤ የመሬቱን ንዝረት በእግሩ መዳፍ ጭምር ያዳምጣል። እኛ በስፒከር እስክስታ እየመታን ወደ ደጁ እንሄድና «ምነው አልታየም?» እንላለን።

ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ያለው ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ያለ ጭቅጭቅ አያልቅም። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ የቁርስ ቤቱ ፍርፍር የጾም መሆኑና አለመሆኑ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አዋሽ ፓርክን ስናቋርጥ አንዱ «ሳላ! ሳላ!» ብሎ ይጮኻል፤ ሁላችንም ወደ አንድ ወገን እንወድቃለን፤ ያየው ፍየል ነው። ይህ ፓርክ ከ1958 ጀምሮ ፓርክ ነው፣ ግን የጂቡቲው አውራ ጎዳና መሀሉን ሰንጥቆት ያልፋል። ተሳቢው ጥሩምባውን እየነፋ፣ ባቡሩም በበኩሉ እየገሰገሰ፣ ሳላ ቆሞ እንዲጠብቀን መመኘት የኛ የዋህነት ነው። ቁልቢ ላይ ደግሞ ስለት ያለበት ይወርዳል፤ ገብርኤልን ሳይሳለም የሚያልፍ የራጉኤል ሰው አይገኝምና በዚህ ማንንም አልወቅስም። አወዳይ ላይ የሚወርዱት ግን ሌላ ስለት ነው ያላቸው። «አምስት ደቂቃ» ብለው ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ፌስታል ይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሐረር ድረስ ሀገሪቱን የማሻሻል ዕቅድ ሲወጣ እንሰማለን።

ሐረር ሌሊት ይደረሳል። እዚያ አንድ ነገር ያጋጥማል፣ እኔን እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል። ከግንቡ ውጭ ጅብ የሚያበሉ ሰዎች አሉ፤ ሥርዓቱ የቆየ ነው፣ ከተማውም ኮርቶበታል፣ በዚያ ምንም አልልም። የሚያበሽቀኝ የኛው ሰው ነው። በእንጦጦ ጅብ ሲሰማ ፊቱን ሸፍኖ የሚተኛው ጎረቤቴ እዚያ ብር ከፍሎ፣ ሥጋውን በእንጨት ጫፍ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ስልክ አዙሮ ይስቃል። በነጻ የሚመጣውን ጅብ «እግዚኦ» እያለ፣ በብር የሚታየውን «ማሻ አላህ፣ ሲያምር!»

በማግስቱ ባቢሌ። የዝሆን መጠለያው የተከለለው በ1962 ነው፤ ስፋቱ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህ የኬንያው ማሳይ ማራ ብሔራዊ ጥብቅ ቦታ ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ከውጭ የመጣው ዘመዳችን ይህን ሲሰማ ደረቱ ይነፋል። ጂፑ ገደል ገደሉን እየወረደ፣ አንበሳው ከጥላ ሥር እያዛጋ፣ ዝሆኑ መንገድ እያቋረጠ ይታየዋል። ወደ ኤረርና ጎበሌ ሸለቆ ስንጠጋ ግን ጂፑ ይቆማል፣ ስካውቱም «ውረዱ» ይለናል። ከዚህ በኋላ የግራር ጥሻ ነው፣ ረጃጅም ቁልቋል ነው፣ የሚያቃጥል አሸዋ ነው። ለጂፕ ኪራይ የከፈልነው ብር በዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ይቀራል፤ ሾፌሩም ወንበሩን አስተኝቶ ያንቀላፋል። ክፍት ጫማ ያደረገችው አለች፣ ነጭ ሱሪ የለበሰው አለ። «ሳፋሪ» ስንባል በእግር መሄድ መሆኑን የነገረን የለም።

እንግዲህ እንሄዳለን። ስካውቱ ከፊት ጠመንጃውን አንግቶ፣ እኛ ከኋላ እሾህ ከልብሳችን እየነቀልን። ድንገት ይቆማል። ጣቱን ወደ መሬት ይቀስራል። ዳና ነው፣ የሰፌድ ያህል ስፋት ያለው። ሁላችንም ዙሪያውን ከበን ፎቶ እናነሳለን። ትንሽ ቆይተን የተገነጠለ ቁልቋል፣ ልጡ የተላጠ ግራር እናያለን። ከዚያ ፋንድያ፤ ስካውቱ ጎንበስ ብሎ በእንጨት ይፈነቅለዋል፣ አየት ያደርግና ያቺን ቃል ይናገራል።

«ትናንት እዚህ ነበሩ።»

ይህችን ቃል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ካለ እጁን ያውጣ። በሄዳችሁበት ሁሉ ትጠብቃችኋለች። ቆርኬ ልታዩ ትሄዳላችሁ፣ ጠዋት እዚህ ነበሩ። የሜዳ አህያ ልታዩ ትሄዳላችሁ፣ ትናንት ማታ ውሃ ጠጥተው ሄዱ። አንበሳማ ሁልጊዜ ባለፈው ሳምንት ነው። እኛ ስንደርስ ያልሄደ እንስሳ ላም ብቻ ነው። ላም በየፓርኩ አለ፣ ግመል አለ፣ ፍየል አለ፣ ከሰል የጫነ አህያ አለ። መግቢያ ከፍለን፣ ስካውት ቀጥረን፣ ግማሽ ሀገር አቋርጠን፣ በቤታችን በር ላይ የምናውቃትን ላም በእሾህ መሀል አይተን እንመለሳለን።

ስካውቱን ብወቅስ ግን አይገባም። እሱ አልዋሸም፤ ትናንት በእውነት እዚያ ነበሩ። በዚህ ሁሉ ስፋት ውስጥ የቀሩት ዝሆኖች በጥቂት መቶ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከሌላው የዝሆን ዘር ተነጥለው ለብቻቸው የሚኖሩ ናቸው። መጠለያው ውስጥ እርሻ ገብቷል፣ መንደር ገብቷል፣ ከሰል ይከሰላል፣ ጥርሱን የሚፈልገው አዳኝም አልቀረም። ሰዎቹም የሚኖሩበት ሌላ መሬት ቢያገኙ ሌሊት ሰብላቸውን በዝሆን አያስረግጡም ነበር። ዝሆኑ ቀን ቀን ሰውን ሸሽቶ ጥቅጥቁ ውስጥ ይውላል፣ ሌሊት ይወጣል። እኛ ደግሞ የምንመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ሽቶ ተቀብተን፣ እየተሳሳቅን። ስካውቱ በዚህ መሀል በእግሩ ሀገር ያካልላል፤ በዚህች ሀገር ዱር ሲጠብቁ ሕይወታቸውን ያጡ ስካውቶች አሉ። እኛ ግን «ዝሆን የለም ካልክ ለምን አስከፈልከን?» ብለን እንጮህበታለን።

ዘመዳችን በዚህ ጊዜ ስለ ኬንያ ይጀምራል። ኬንያ እንዲህ ነው፣ ኬንያ እንዲያ ነው፤ ከመኪና ሳትወርድ፣ ቡናህን እየጠጣህ። እውነቱን ነው፣ ግን የዚያን ሀገር እሮሮም ቢነግረን ጥሩ ነበር። እዚያ አንድ አንበሳ ሲገኝ ሾፌሮቹ በሬዲዮ ይጠራራሉ፤ ጥቂት ቆይቶ የመኪናው ቁጥር ከአንበሳው ጠጉር ይበልጣል። ለፎቶ የምትጓጓው እንግዳ ከአንበሳው ይልቅ የሌላ እንግዳ ባርኔጣ አንስታ ትመለሳለች። የኛ ችግር መኪና መብዛት ሳይሆን ዝሆን ማነስ መሆኑ ነው ልዩነቱ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም ማለት የሽማግሌ ነገር ይመስላል፤ ይሁን። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቢዛንታይን ንጉሥ ተልኮ የመጣው ኖኖሱስ፣ ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲወጣ አንድ ሜዳ ላይ ወደ 5,000 የሚጠጉ ዝሆኖች ሲግጡ እንዳየ ተጽፎለታል። ጂፕ አልነበረውም፣ «ትናንት እዚህ ነበሩ» ያለውም የለም። አፄ ካሌብም በአራት ዝሆኖች በሚሳብ ሠረገላ ላይ ሆነው መልእክተኛ መቀበላቸው ይነገራል። ከዚያ በኋላ ያለውን እኛው እናውቀዋለን። ዝሆን የገደለ በአደባባይ ፎከረ፣ ጆሮውን በስቶ ሎቲ አንጠለጠለ፤ ጥርሱ ግብር ሆነ፣ ንግድ ሆነ፤ ጠመንጃው በበዛ ቁጥር መንጋው አነሰ።

ለእንጦጦ ሰንሰለት እጅግ ቀርቦ የመጣ ዝሆን ቢኖር በመጋቢት 11 ቀን 2007 የመጣው ነው። ከኛ በስተምዕራብ፣ በዚሁ ተራራ ግርጌ፣ በጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ ተከምሮ በእሳት ተቃጠለ። ከአዳኝ የተወረሰ፣ በቦሌ አድርጎ ሊያልፍ ሲል የተያዘ ጥርስ ነበር። እንዲሸጥ ከመተው መቃጠሉ ይሻላል ባዮች ነን፤ ሥራውን አንነቅፍም። ግን አስቡት፣ የአዲስ አበባ ልጅ በከተማው የዝሆን ነገር ሊያይ የቻለው ያን ቀን ነው፤ እሱንም ጭስ ሲሆን። ሕያው አውሬ የሚያይበት ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ አለለት፣ ከኛ ቁልቁል ታክሲ ይዞ የሚደርስበት፤ ከ1940 ጀምሮ ያለ። እነዚያ ባለ ጥቁር ጎፈር አንበሶች በዘራቸው ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን የውጭ ተመራማሪዎች መርምረው ነገሩን፤ እኛ በአጥሩ ሥር ስናልፍ የምናስበው ታክሲ ሰልፉ መርዘሙን ነው።

መቼም እሮሮ ከተጀመረ አያልቅም፤ የመልሱን መንገድ ግን ባጭሩ ልለፈው። ጎማ ይፈነዳል፣ ትርፍ ጎማውም የተለጠፈ ሆኖ ይገኛል፣ ጎሚስታ እስኪገኝ ፀሐይ ትጠልቃለች። እትዬ የባቢሌን ለውዝ ለሰፈሩ ሁሉ ገዝተዋል፤ እሱም በእግራችን መሀል ይቀመጣል። በመስኮት የሚወረወረው ሃይላንድ እስከ አዋሽ ድረስ አይቋረጥም። «ተው» ያልነው ልጅ «ሁሉም ይጥል የለ?» ይላል፤ መንገዱን ስናይ ሁሉም ጥሏል። እቤት ስንደርስ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «አያችሁ?» መልሱም የታወቀ ነው። ዳናውን አየን።

አውሬ እንዳይታይ የተረገመች ሀገር ናት አልልም። ባሌ ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘን ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት አጠገብ ሲግጥ ይታያል፣ ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ከመኪና መንገድ ዳር አይጥ ያድናል፣ ስሜን ላይ ጭላዳ ለፎቶ አይሰለችም። ጨበራ ጩርጩራም ዝሆን ከባቢሌ ይልቅ በቀላሉ ይታያል፤ አሁን ሎጅም ተሠርቶበታል፤ የሎጁ ዋጋ ግን ለኛ ለእንጦጦ ሰዎች ሌላ ዝሆን ነው። ሰው በተወላቸው ቦታ እንስሳቱ አሉ። እኛ ግን መጀመሪያ የምንሄደው እነሱ ወዳሉበት ሳይሆን አስፋልቱና ለምሳ የሚሆነው ሆቴል ወዳሉበት ነው።

ስለዚህ ጉዞ አዘጋጆች፣ እባካችሁ ያንን የኪሊማንጃሮ ፎቶ አንሱልን፤ የምታሳዩን ዳናና ፋንድያ ከሆነ ዳናና ፋንድያ ብላችሁ አስተዋውቁ፣ እንመጣለን። ሙሉ ዋጋውን ከቤት ሳንወጣ ንገሩን። በእግር የሚኬድ ከሆነ ጂፑን ተዉትና በዋጋው ልክ አንድ ሌሊት ጨምሩልን፤ ዝሆን የሚታየው ጎህ ሳይቀድ ነውና እዚያው እንደር። እናንተም ተጓዦች፣ መጠለያው በር ላይ ቴፑን አስዘጉ፣ ባዶ ሃይላንዳችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፣ ክፍት ጫማ አታድርጉ። ለስካውቱ ደግሞ ውሃ ያዙለት። እናንተ ከሄዳችሁ በኋላም ያንን አሸዋ በእግሩ ይመለስበታል።